በበረዶው ላይ የነበረው ስድስተኛ

እሑድ የካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015 በሚሉት ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ፣ እህት ጸሐይወርቅ በሆላንድ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሠፈር፣ የኢትዮጵያውያን አማኞች ጉባኤ በተከራየው የጸሎት አዳራሽ ማይክሮፎኑን ተቀብላ ልጇ ሮቢ መፈወሱን መሰከረች። ኢዮኤል ሰዓቱን አይረሳውም፤ እሷን ላለማየት ሲል ከራሷ በላይ በተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበርና።

«ያን ቅዳሜ ብታዩት!» አለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «በጨዋታው መሐል ገፍተውት ከአጥሩ ጋር ተላትሞ ራሱን ይዞ ቀረ። መጋረጃ ስንከፍት ዓይኔን አለ፤ ውሃ እንኳ አልረጋለት አለ። ረቡዕ ፓስተር አበጋዝ እጃቸውን ጫኑበት። ኀሙስ ጠዋት ብድግ ብሎ ‹እማ፣ ራበኝ› አለኝ! ኢዮኤልን የፈወሰ አምላክ ዛሬም ያው ነው!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አርባ የሚሆኑ ፊቶች እንደ አንድ ሰው ወደ ኢዮኤል ዞሩ።

በዚያ ጉባኤ ስለ በረዶ ሆኪ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኢዮኤል ግን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ወላጆቹ ይዘውት ዴን ሃኽ ከተማ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ተከትሎ ወደ በረዶ አዳራሹ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም ማለት ይቻላል። ሰባት ዓመት ለከተማው ቡድን፣ ሁለት ዓመት በጀርመን እየተከፈለው ተጫወተ፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። አሁን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ የአንድ የአምስተርዳም ቡድን ዋና አሰልጣኝ ነው። ሮቢን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የበረዶ ጫማ ያስጠለቀው እሱ ነው፤ ዘንድሮ ልጁ አሥራ ዘጠኝ ሞላው፤ በቡድኑ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም።

ጉባኤው ስለ ኢዮኤል ያለፈ ዘመን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2006 በጨዋታ ላይ ራሱን ተመትቶ ወደቀ፤ አባቱ አቶ ካሳሁን፣ የጉባኤው ሽማግሌ፣ በዚሁ ማይክሮፎን ልጃቸው መፈወሱን መሰከሩ፤ በሳምንቱ ኢዮኤል ገብቶ ተጫወተ፤ ሁለት ጎልም አገባ። ይህ ታሪክ በስብከት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ምሳሌ እንደተነሣ እሱ ራሱ መቁጠር ትቷል።

የማያውቁት ይህን ነው፦ ኢዮኤል ከዚያ ቀን ጨዋታ የሚያስታውሰው ቅንጣት ታህል ነገር የለም። ጠዋት መስተዋት ፊት ጢሙን ሲላጭ ያስታውሳል። ቀጥሎ የሚያስታውሰው በማግሥቱ ማታ እናቱ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን አገላብጦ ሲያይ ነው። በመካከሉ ምንም የለም። ቡድኑ የቀረጸውን ቪዲዮ አንድ ጊዜ አይቶታል። ማሊያው የእሱ ነው፤ ዱላው የእሱ ነው፤ የግራ ትከሻው አወራረድ እንኳ የእሱ ነው። የሚጫወተው ሰው ግን እሱ በሕይወቱ ችሎ የማያውቀውን ጨዋታ ይጫወታል። በአንዱ ቅጽበት ሰውየው ዞር ብሎ ወደ ካሜራው ተመለከተ፤ ኢዮኤል ቪዲዮውን አጥፍቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በረዶ ላይ በቆመ ቁጥር ወለሉ ያዘነብልበት ስለ ነበር ዓመቱ ሳያልቅ ከተጫዋችነት ተሰናበተ። ለጠየቀው ሁሉ «ጉልበቴ ነው» አለ።

እውነቱን ቢናገርስ? በዚያ ጉባኤ ዘንድ አንዴ የተመሰከረ ምስክርነት ወደ ኋላ አይመለስም። ሕመሙ ዳግመኛ ቢመጣ ጠላት ምስክርነቱን ሊሰርቅ መጣ ይባላል፤ ሰውየው «አልቀበልም» ብሎ መገሠጽ እንጂ «ያመኛል» ማለት የለበትም። «ያመኛል» ማለት ለሌባው በር መክፈት ነው። አባቱ በዚያ ምስክርነት ኮርተው ኖሩ፤ በፈረንጆቹ 2011 ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ ሳይቀር ተነሣ። ኢዮኤልም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታውም ዓመት በዓመት እየደነደነ ሄደ።

«ወንድም ኢዮኤል፣ አንድ ቃል በለን እንጂ» አሉ ፓስተር አበጋዝ ፈገግ ብለው።

ብድግ አለ። ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሮቢ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር፤ በየካቲት፣ ጣሪያ ሥር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ኢዮኤል፤ ተቀመጠ።

ከጸሎቱ በኋላ ሮቢን በደረጃው ላይ ያዘው። ከውጭ ካፊያ ይወርዳል፤ ሮቢ ግን መነጽሩን አላወለቀም።

«ራስህን ያምሃል?»

«አልቀበልም» አለ ሮቢ፤ ሳቀ። «ኢዮ፣ ቅዳሜ እገባለሁ አይደል? ከጀርመን ተጫዋች የሚመለምል ሰው ይመጣል እኮ። አንተ ብትሆን ትቀር ነበር?»

እዚህ ሀገር ያደገ ልጅ ነው፤ ታላቅ ታናሽ ብሎ አይለይም፤ ኢዮኤልም ከፍቶት አያውቅም።

«የጠየቅሁህን መልስልኝ። እንደ አሰልጣኝህ ነው የምጠይቅህ።»

ጸሐይወርቅ ጃንጥላዋን እየዘረጋች ደረሰች። «አሰልጣኝ ነህ ወይስ ሐኪም ሆነህብን ነው?» አለችና በክርኗ ጎሸመችው። «ጥያቄው ራሱ ጥርጣሬ ነው፣ ወንድሜ። ከሰው ሁሉ አንተ ትጠራጠር?»

ኢዮኤል ሣቀ። ሣቁ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት።

ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአምስተርዳሙ አዳራሽ ልምምድ ነበር። የሆኪ ሕግ በዚህ ረገድ ቀላል ነው፦ ከግብ ጠባቂው ሌላ አንድ ቡድን በበረዶው ላይ የሚያሰልፈው አምስት ተጫዋች ብቻ ነው። ጨዋታው ሳይቆም አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ስለዚህ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ሳያስበው ሁልጊዜ ይቆጥራል፤ እንደ መተንፈስ ነው። ኢዮኤል አምስቱን ነጭ ማሊያ በአምስቱ ሰማያዊ ላይ አሰልፎ ፊሽካውን ነፋ። ሮቢን «ዝም ብለህ ተንሸራተት፣ ከማንም ጋር አትጋጭ» ብሎ ከነጮቹ ጋር አስገብቶታል።

ነጮቹን ቆጠረ። ስድስት።

ደግሞ ቆጠረ። በሩቁ ጥግ፣ መብራቱ በሚደክምበት በኩል፣ አንድ ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ ይንሸራተታል። ጫማው በረዶውን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ አልነበረውም። ኢዮኤል ፊሽካውን ነፋ፤ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። አምስት ናቸው።

«ምን ተፈጠረ?» ሲል ግብ ጠባቂው ያስፐር በሆላንድኛ ጮኸ። «እነሱን ንገራቸው እንጂ እኔን ምን ታየኛለህ? ስድስት ሆነው ነው የመጡብኝ!»

ተጫዋቾቹ ተሣሣቁ። «መነጽር ግዛ!» አለው አንዱ። ኢዮኤል አልሣቀም። እንደገና አስጀመራቸው፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ከሮቢ ላይ አልነቀለም። ልጁ ኳሷን፣ ያቺን ከጎማ የተሠራች ጥቁር ዲስክ፣ በዱላው እየነዳ መጣና በግራ እግሩ ላይ ብቻ ተሽከረከረ፤ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ በገዛ እግሮቹ መካከል አሾልኮ ለጓደኛው አቀበለ። አዳራሹ በፉጨት ቀለጠ።

ኢዮኤል ግን አላፏጨም። ያንን አዙሪት ለማንም አስተምሮ አያውቅም፤ ራሱም አይችለውም። ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤቱ ባለው ቪዲዮ ውስጥ።

ሮቢን ወደ አጥሩ ጠራው። «ያን ከየት ተማርከው?»

«የቱን?»

«አሁን ያደረግኸውን። አዙሪቱን።»

ሮቢ በሄልሜቱ ብረት ውስጥ ሆኖ በጨዋነት ተመለከተው። «ኢዮ፣ ጫማዬን ገና አሁን አስሬ መውጣቴ እኮ ነው። መቼ ጀመራችሁ?»

ልምምዱ ከተጀመረ አርባ ደቂቃ አልፎት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢዮኤል በአምስተርዳም ኒው ዌስት ሠፈር ወደሚገኘው የእነ ሮቢ ቤት ሄደ። ከሮተርዳም አጠገብ ከሚኖርባት ካፔለ ተነሥቶ በሜትሮ፣ በባቡር፣ ከዚያ በትራም እስኪደርስ የሚናገረውን ቃል በቃል አሰናድቶ ነበር። ጸሐይወርቅ አረጋውያንን በየቤታቸው ከምትንከባከብበት ሥራ ገና መመለሷ ነው፤ ነጭ ጋዎኗን አላወለቀችም። ወንበር ሳበችለት፤ ሻይ ቀዳችለት።

«እህት ጸሐይወርቅ፣ ሮቢን ሃውስአርትስ ጋ ውሰጂው። ወደ ስፔሻሊስት ይጻፍለት። ለቅዳሜ አላሰልፈውም።»

እጇ በስኳሩ ላይ ቆመ። ሃውስአርትስ የሠፈሩ ሐኪም ነው፤ እሷ በሥራዋ ምክንያት ከሱ ጋር በየሳምንቱ ትነጋገራለች፤ ሐኪም የምትጠላ ሴት አልነበረችም።

«ሕዝብ ፊት መስክሬ?» አለች ቀስ ብላ። «የዛሬ አራት ቀን በጉባኤ ፊት ‹ተፈወሰ› ብዬ፣ ዛሬ ደግሞ ካርድ አውጥቼ ልሰለፍ? ምን ብዬ ልንገረው?»

«ያመዋል ብለሽ።»

«ያመኛል አላለኝም።»

«እንዲል መች ተፈቀደለት?»

ይህን ከገዛ አፉ ሲሰማ ራሱም ደነገጠ። ጸሐይወርቅ ግን አልተቆጣችም፤ በእናትነት ዓይን አየችው። «ልጠይቅህ፣ ኢዮኤል። በዚያን ጊዜ አንተን ያዳነህ ሐኪም ነው?»

ሰዓቱ አሁን ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፦ አልዳንሁም። ሦስት ሺህ ቀን የተሸከመው ቃል ነው፤ ለመናገር አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። የአባቱ ፊት ድቅን አለበት፤ በማይክሮፎኑ ፊት ቆመው፣ ክራባታቸውን አጥብቀው፣ በደስታ ሲያለቅሱ። ሴትዮዋ መልሱን ትጠብቃለች፤ ከመልሱ በላይ እምነቷ የቆመበትን መሠረት ትጠብቃለች።

«አይደለም» አለ ኢዮኤል። ይህም ከእውነት አልራቀም፤ ለዚህ ነው የከፋው።

«በል እንግዲህ» አለች፤ ፊቷ በራ። «ገብተህ አነጋግረው። ውስጥ ነው።»

የሮቢ ክፍል መጋረጃው ተጋርዶ ጨልሟል። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ኢዮኤል አጠገቡ ተቀመጠ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ለናትህ አልናገርም።»

«አይ፣ አያስፈራም እኮ» አለ ሮቢ፤ ስለ አዲስ የክፍል ጓደኛው የሚያወራ ይመስል ነበር። «ራሴን ሲያዞረኝ፣ ኽዎን፣ ዝም ብዬ፣ ገለል እላለሁ። እሱ ይቀጥልልኛል። ረዥም ነው፤ ጥሩ ይጫወታል። ማክሰኞ አይተኸዋል አይደል? ስትቆጥር አይቼሃለሁ።»

ኢዮኤል ወደ ልጁ ዞረ። «ማን ነው?»

«አንተን ነው እንጂ የምጠይቀው። ያውቅሃል። በስምህ ነው የሚጠራህ።» ሮቢ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ? መጀመሪያ ላይ ቦታዬን ቶሎ ይመልስልኝ ነበር። አሁን አሁን መለመን አለብኝ።»

ኢዮኤል ተነሥቶ ወጣ። ለጸሐይወርቅ ምን ብሎ እንደተሰናበታት አያውቅም። በትራሙ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሁለት ትራም አሳለፈ፤ በትራሙ መስተዋት ላይ የራሱን ምስል ማየት ፈርቶ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው በዴን ሃኽ ነበር፤ እሱ ራሱ ባደገበት አዳራሽ። ጉባኤው ሚኒባስ ተከራይቶ ከሮተርዳም መጥቷል። ብርዱን ሰምተው ስለ ነበር ብርድ ልብስ ሳይቀር ይዘዋል። ፓስተር አበጋዝ እስከ ጆሯቸው ተጠቅልለው ከመስታወቱ ጀርባ ቆመዋል።

«ኢዮኤል፣ ኳሷ የታለች?» ብለው ጮኹ።

«ያቻት፣ ፓስተር፤ ጥቁሯ።»

«እኔ የጫማ ሶል መስላኝ!» አሉ፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሣቀ።

የተጫዋቾቹን ዝርዝር ለዳኛው የሚያስረክብበት ደቂቃ ደረሰ። ጠዋት የጻፈው ወረቀት ላይ የሮቢ ስም አልነበረም። ቀና ሲል ጸሐይወርቅን አያት። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከጎኗ ያሉ ሴቶች ትከሻዋን ይዘዋል። ስሙ ከሌለ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ ቢጠየቅም መልሱ አንድ ብቻ ነው። እስክሪብቶውን አወጣ። ሁለት ጊዜ ብቻ ይገባል፣ አጭር አጭር፣ ከዚያ አስቀምጠዋለሁ ሲል ለራሱ ቃል ገባ። ስሙን ጻፈው። እጁ ስትጽፍ ከሩቅ ሆኖ እንደሚመለከታት ተሰማው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስምንተኛ ደቂቃ ላይ ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ እጁን አነሣ። ጥፋቱ የታወቀ ጥፋት ነው፦ ከሚፈቀደው በላይ ተጫዋች። በረዶው ላይ የነበሩት ቆመው ጠበቁት። ዳኛው በጣቱ ቆጠረ፤ አምስት። ደግሞ ቆጠረ። ወደ ኢዮኤል ቀረብ አለ፤ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ኢዮኤል ተጫዋች ሳለም ያጫውት ነበር።

«ስድስት ነበሩ» አለ በዝግታ። «ስድስተኛውን ደግሞ ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ።» ከዚያ ይህን በማለቱ ያፈረ ይመስል ቅጣቱን ሰርዞ ሄደ።

ኢዮኤል «ሮቢ፣ ውጣ!» ብሎ ተጣራ። ሮቢ አልዞረም። ከዚያም ሦስት ጊዜ ጠራው፤ ተቀያሪ ልኮ በእጁ ምልክት ሰጠው። ልጁ በፊቱ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ በግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ጫማው አንዳች ድምፅ ሳያሰማ። ጎል አገባ። እልልታው በዚያ የፈረንጅ አዳራሽ ውስጥ አስተጋባ፤ ከጀርመን የመጣው ሰውዬ ቆሞ አጨበጨበ። ሮቢ እጁን አላነሣም፤ ጓደኞቹንም አላቀፈ። በበረዶው መሐል ብቻውን ቆሞ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። ከብረቱ በስተጀርባ ያሉት ዓይኖች ኢዮኤልን አተኩረው አዩት፤ ኢዮኤል ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸሽቶታል።

የዕረፍቱ ደወል ሲደወል ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻው ክፍል ገቡ። ሮቢም ተከትሏቸው ገብቶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ሄልሜቱን ኢዮኤል በገዛ እጁ ፈታለት። ፊቱ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠብታ ላብ አልነበረበትም።

«ሮቢ። ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ልጁ ፈገግ አለ። የእሱ ፈገግታ አልነበረም።

«ያስፐር፣ አምቡላንስ ጥራ» አለ ኢዮኤል። «አሁኑኑ።» ያስፐር ሄዶ ደወለ። ኢዮኤል ሌላ ተጫዋች ልኮ ጸሐይወርቅን አስጠራት። ፓስተሩም አብረዋት ገቡ፤ ሁለቱም በደስታ ፊታቸው ቀልቷል፤ የጎማው ወለል ላይ ሲረግጡ ሣቅ አሉ፤ ከዚያ የክፍሉን ጸጥታ አይተው ቆሙ።

ኢዮኤል በልጁ እግር ሥር እንደ ተንበረከከ ቀና አለ።

«እህት ጸሐይወርቅ፣ ፓስተርም ይስሙኝ። እኔ አልተፈወስኩም ነበር። ያን ቀን የተጫወተው እኔ አይደለሁም፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዕለቱን ጭራሽ አላየሁትም። አባቴን እንዳላሳፍር ብዬ ዝም አልኩ፤ ቀጥሎ እናንተን ፈርቼ ዝም አልኩ። እሑድ ስትመሰክሪ መነሣት ነበረብኝ። ሐሙስ ቤትሽ ሻይሽን እየጠጣሁ መናገር ነበረብኝ። ዛሬም ስሙን የጻፈችው ይህቺ እጄ ናት።»

ፓስተር አበጋዝ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አወለቁ። ጸሐይወርቅ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ዝንብ እንደምታባርር።

«አልቀበልም» አለች። ድምጿ ግን የእሑዱ ድምፅ አልነበረም። ኢዮኤልን በክንዷ ገለል አድርጋ ልጇ ፊት ተንበረከከች፤ ጓንቱን አወለቀችለት፤ ቀዝቃዛ ጣቶቹን በሁለት እጇ ይዛ ማሸት ጀመረች።

«ሮቢዬ፣ የኔ ጌታ» አለች። «ይሄ ሰው ምን እያለ ነው? በል ንገረው። ደኅና ነኝ በለው። ሮቢ? ለእማ ስትል፣ አንዴ ብቻ፣ ደኅና ነኝ በለው።»

ልጁ በጨዋነት ፈገግ ብሎ፣ በመንገድ ላይ አቁማ አቅጣጫ እንደ ጠየቀችው የማያውቃት ሴት ተመለከታት።